የቦሰና ስግደት

ቦሰና በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስታለቅስ መቀረጿን ያወቀችው በፋሲካ ማግስት ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ስትገባ፣ ባለሱቋ ካሰች ከሚዛኑ ቀና ብላ አየቻት።

«ውይ እትዬ ቦሰና፣ እንዴት አንጀቴን እንደበሉት» አለቻትና ስልኳን አዞረችላት።

ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። የቦሰና ነጠላ ከራሷ ተንሸራቷል፤ ግንባሯ ምንጣፉን ነክቶ ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ርሷል። ከሥሩ የዋሽንት ዜማ ገብቶበታል። ድምፅዋም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ «ዳጊን መልስልኝ፤ ልጄን መልስልኝ» ትላለች።

«ዳጊ ምን ሆኖ ነው?» አለች ካሰች።

«ደህና ነው» አለችና በርበሬውን ሳትይዝ ወጣች።

ዳጊ በእርግጥም ደህና ነው። ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። ብቻ በአባቱ ቀብር ላይ በተናገረችው ነገር ተቀይሟት ስልኳን ማንሳት ከተወ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተናገረችም። ከፓርኪንግ ሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ በዚያ ዕድሜዋ ቀኑን ሙሉ ስትወድቅ ስትነሳ የዋለችው ለዚሁ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጠራ። የዳጊን ስም ስታይ ተሽቀዳድማ አነሳችው።

«እማዬ፣ ሥራ ቦታ ሰው ቪዲዮውን ሴንድ አደረገልኝ። ለምንድን ነው ስሜን የምትጠሪው? ሁሉም ሰው የሆነ ነገር የሆንኩ መስሎታል።»

«እኔ ለሰው አልተናገርኩም፣ ልጄ። ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት።»

«ኦኬ፤ ግን ሃምሳ ሺህ ሰው ሰምቶታል» አለና ዘጋው።

ሁለት ዓመት የጠበቀችው ድምፅ ይህን ብቻ ብሎ ጠፋ።

እሁድ ማለዳ ሐሌታን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀቻት። ሐሌታ እዚሁ በስደት አገር ተወልዳ ያደገች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቪዲዮ እየቀረጸች የምትለጥፍ ወጣት ናት። ነጠላዋን በወጉ አጣፍታ፣ የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክማ መጣች።

«ያንን ነገር አጥፊልኝ» አለቻት ቦሰና።

«እትዬ ቦሰና፣ ኮሜንቶቹን አይተሻል? አንዷ ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ አሥር ዓመቴ ነው፣ አንቺን አይቼ ልመለስ ነው ብላለች።»

«እሰየው፣ ትመለስ። እኔ ግን ላሳያት ብዬ አላለቀስኩም። ደግሞ በሕማማት ከበሮ እንኳ አይመታም፤ አንቺ ዋሽንት ጨመርሽበት።»

«ሙዚቃ ከሌለው ሰው ዝም ብሎ ስክሮል አድርጎ ያልፈዋል።»

«ይለፈው! ማን እይ አለው?»

ሐሌታ ፊቷ ቀላ። ማቆሚያውን መሬት ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣችና ቪዲዮውን ፊት ለፊቷ አጠፋችው። «ሶሪ። ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ ነው። ግን ሌሎችም ወስደው ለጥፈውታል፤ የእነሱን ማጥፋት አልችልም።»

ቦሰና ቪዲዮው ሲጠፋ የሚቀልላት መስሏት ነበር፤ አልቀለላትም። ቅዳሴው ተጀምሮ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል እንደ ወትሮዋ እጆቿን ዘረጋች። ወዲያው ግን አንድ እጇን መልሳ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ አስተካከለች። ለምን እንዳስተካከለች የገባት ዓይኗ ወደ ካሜራው ሲሄድ ነው። ካሜራው ወደ መቅደሱ ዞሯል፤ እሷን አያያትም። እሷ ግን ፊቷ እንዴት እንደሚታይ እያሰበች ነበር። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ሞከረች። ያ ቪዲዮ መጣባት፤ ስታለቅስ ራሷን አየች፣ ዋሽንቱም ጭምር ተሰማት። በሐሌታ ተናደደች፣ ከዚያ ይበልጥ በራሷ።

ሃያ ዓመት የቆመችበትን ቦታ ለቅቃ ወደ ኋላ፣ ጫማ መደርደሪያው ዘንድ ሄደች። እዚያ ዜማው ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው። ያረፈደ ሰው ሁሉ ጫማውን ሊያወልቅ «ይቅርታ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ይላታል። ትጠጋለች፤ ትመለሳለች፤ ሌላው ይመጣል።

ሰዉ ሲሳሳላት ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና የልጇን ስም ልትጠራ ሞከረች። ከንፈሯ እሺ አላላትም። ማን ይሰማኝ ይሆን እያለች ዞር ዞር ትላለች።

ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ሲያሰናብት፣ ቦሰና ጸሎቷን ገና አልጀመረችም።