ለፍጻሜ የተቀመጠው መጠጥ

«ኦፍሳይድ ነው!» አለች ትልቋ አክስት።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አክስትየዋ እኮ ኳስ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን የማታውቅ ሴት ናት! ቴሌቪዥኑ ደግሞ አባትየው ከተቀበረ ጀምሮ አንሶላ ለብሶ ነው ያለው። ራሷም ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። «ምን አልኩ እኔ?»

ልጅቷን ግን ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰባት መሰላት። ቃሉ ብቻ ቢሆን እሺ። ድምፁስ? «ነው» ስትል ወደ ላይ የተሰቀለችው ድምፅ የአባቷ ናት፣ የማንም አይደለችም። ከዛ አክስቷ የያዘችውን ብርጭቆ አየች። ቀይ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ።

«እትዬ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከፍሪጅ ነዋ። ጁስ መስሎኝ ለሰው ቀዳሁት። ምነው፣ ተበላሽቷል እንዴ?»

ወይኔ! ወይኔ! የፍጻሜው ከርከዴ!

አባቷ ሥራው ፍሪጅ ጥገና ነበር። የሰውን ፍሪጅ ሲጠግን ይውላል፣ የራሱ ፍሪጅ ግን የኳስ ነው። የዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ለየአገሩ መጠጥ ይመርጣሉ። ለሞሮኮ ናና ሻይ፣ ለጃፓን አረንጓዴ ሻይ፣ ለቱርክ ጨው ያለው የእርጎ ውሃ፣ ለሜክሲኮ ከቀይ አበባ የሚፈላው ከርከዴ። አይስላንድ ላይ ሲደርሱ ተጨቃጨቁ። «እነዚህስ ምን ይጠጣሉ?» ቢላት «በረዶ ነዋ!» አለችው፤ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ! ሕጉ ደግሞ አንድ ነው። የምትደግፈውን ሳይሆን የምትፈራውን አገር ነው የምትጠጣው። «ጠጥተሽ ካልጨረስሽው እሱ ይጨርስሻል» ይላት ነበር።

እና ሁሌ፣ ሁሌ፣ ጨዋታው ልብ ሊያቆም ሲል ብድግ ይልና «በረዶ ላምጣ። ቦታዬን ጠብቂልኝ፣ ተቀያሪዬ» ይላታል። እሷ ዘላ ወንበሩ ላይ ጉብ! ሞቆ ይጠብቃታል። በዚህ ዓለም ተቀያሪዬ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው።

የሞተ ቀን ጠዋት ከርከዴውን አፍልቶ አቀዘቀዘና «ሜክሲኮ ፍጻሜ ትደርሳለች፣ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ሥራ ሄደ። አንድ ሥጋ ቤት፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ልቡ ቀጥ አለች። ተቀያሪ እንኳን ሳያስገባ። ሜክሲኮ ትደርሳለች ያለ ሌላ ሰው አልነበረም። ትናንት ደረሰች።

«ዳኛው መነጽሩን ሚስቱ ጋ ረስቶ መጥቷል!»

አሁን ደግሞ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው! ስሙን ለመናገር እንኳን ሦስቴ የሚንተባተብ ሰውዬ፣ ቀዩን ብርጭቆ እንደያዘ ዓረፍተ ነገሩን በሟች ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ሳቁን መልሶ ዋጠው።

«የሟች መጠጥ አይነካም ብዬ ነበር» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«ጠጥተህ ጨርሰህ ነው የምታወራው?»

ብርጭቆዎች ቀስ፣ ቀስ እያሉ መሬት ተቀመጡ።

ልጅቷ ወጥ ቤት ሮጠች። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አንድ ብርጭቆ ነው። ልትጠጣው አፏ ድረስ አደረሰችውና ቆመች። እሷ ከጠጣች ድምፁ የሚወጣው ከራሷ አፍ ነው፤ ታዲያ ማን ሊጠራት ነው? መጠራት ነው የፈለገችው። አንዴ ብቻ፣ በቃ አንዴ!

በበሩ ስታይ እናቷ ከአባቷ ባዶ ወንበር ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም፣ አንድ እንባ አልወረዳትም። «እናንተና ኳሳችሁ!» እያለች ትነጫነጭ የነበረች ሴት! ብሰጣትስ? ግን ድምፁ ገብቶ ባይወጣስ? እናቴንም ይዟት ቢሄድስ? ብርጭቆውን ይዛ እናቷ ፊት ተንበረከከች።

ሰጠቻት።

«እማዬ፣ ቅመሺ እስቲ።»

እናቷ ቀዩን ነገር አየችው፣ አየችው። «የሱ ነው?»

«የሱ ነው።»

እስከ አተላው ጨለጠችው። ምንም። ምንም የለም። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ልትዞር ስትል እናቷ ቀና አለች። ዓይኖቹ የእናቷ ናቸው፣ እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። ድምፁ ግን…

«በረዶ ላምጣ። ቦታዬን ጠብቂልኝ፣ ተቀያሪዬ።»

እናቷ ከፍራሹ ንቅንቅ አላለችም። ማንም ከቦታው አልተነሳም። ወጥ ቤት ውስጥ ግን የፍሪጁ በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ። ከዛ ቋ… ቋ… በረዶ ከማስቀመጫው ሲላቀቅ።

ሄዶ የሚያይ ወንድ ጠፋ።

ልጅቷ ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልደፈረው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ወጣች። ሞቆ ነበር። እንዳይቀዘቅዝ እግሮቿን ሰብስባ ኩርምት አለችበት።