የኢማን ሙቀት

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ሰባተኛ ሰፈር፣ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ገብታችሁ «ጎበዜ ፍሪጅ» ብትሉ የትኛውም ተሸካሚ ያደርሳችኋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አንድ አቤቱታ ይዞ ነው፤ «አያቀዘቅዝም»። ሥጋ ቤቱም አያቀዘቅዝም ይላል፣ ግሮሰሪውም አያቀዘቅዝም ይላል፣ ሙሽራዋም ገና ወር ሳይሞላት አያቀዘቅዝም ብላ ታኮርፈኛለች። ቀዘቀዘብኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን አንድም ቀን አላየሁም።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ መብራት በፈረቃ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ቀን ጫማዋ ጭቃ በጭቃ የሆነ ወጣት ሴት ሱቄ ገባች። ሎዛ እባላለሁ አለች። አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ትጠግናለች።

«ጋሼ፣ ሰው የሚያቀዘቅዝ ማሽን ይሠሩልኛል?»

«የሬሳ ማቆያ ነው?»

«ኧረ በሕይወት ያለ ሰው!»

ካቻቢቴዬን አስቀመጥኩ። ልጅቷ አሟት ይሆናል ብዬ በርጩማ ሰጠኋት። እሷ ግን ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ከውጭ የመጡ የልብ ሐኪሞች አሉ። ቀዶ ሕክምናው ሲጀመር የበሽተኛውን ልብ ያቆሙታል፣ ደሙን በልብ ፋንታ የሚያዞር ማሽን ይዘው መጥተዋል። ልቡ ቆሞ ሳለ የተቀረው አካል እንዳይጎዳ ሰውየውን ያቀዘቅዙታል፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ መልሰው ያሞቁታል። ማቀዝቀዣና ማሞቂያው የሆስፒታሉ ነበር፤ መብራት ሄድ መጣ ሲል ተቃጠለ። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል፣ ሐኪሞቹ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይሄዳሉ።

«የምንፈልገው ውሃ ብቻ ነው» አለችኝ። «ቀዝቅዝ ሲሉት የሚቀዘቅዝ፣ ሙቅ ሲሉት የሚሞቅ፣ በጎማ የሚዞር ውሃ። ደሙን አይነካውም፣ በጎኑ ነው የሚያልፈው።»

«ቆይ፣ ልቡን ራሳቸው ናቸው የሚያቆሙት?»

«አዎ።»

«ሆን ብለው?»

«ሆን ብለው፣ ጋሼ።»

እምቢ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ስል ጎረቤቴ ሰላሃዲን በሩ ላይ ቆሟል። ሰላሃዲን በዋናው መንገድ በኩል ጨርቅ ይሸጣል፤ አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖረናል። የልጁ የኢማን ስም ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉላቸው ከያዙት ሰዎች ዝርዝር ላይ ነበረ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እሠራለሁ» አልኩ።

ኢማን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ከንፈሯ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ሁለት ደረጃ ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፣ እጇ በጠራራ ፀሐይም እንደ ውሃ ይቀዘቅዛል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ሱቁን እስኪዘጋ እኔ ጋ ትቀመጥና ሁለት እጇን ከሚሠራ ፍሪጅ ጀርባ፣ ከሚሞቀው ጥቁር ሽቦ ላይ ትለጥፋለች። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከፊቱ እየበረደ ከኋላው ለምን ይሞቃል?» አለችኝ። ሙቀት ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ፍሪጁ ከውስጥ ያወጣውን በጀርባው ይጥለዋል አልኳት። ነገሩን ወደደችው። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ እሷ ታስረዳው ጀመር።

መብራት አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ይጠፋል፤ የነበረኝ ስድስት ቀን በእውነቱ ሦስት ቀን ነበር። ከወደቀ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ሞተሩን ነቀልኩ። ከአንድ ሆቴል ቦይለር ማሞቂያውን ወሰድኩ። ታንከሩን ከማይዝግ የወተት ዕቃ ሠራሁት፣ ዙሪያውን በስፖንጅ ጠቀለልኩት። ሎዛ የቁጥር መለኪያውንና ጎማዎቹን ከሆስፒታል አመጣች። አንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ያቀዘቅዛል፣ ሌላው ያሞቃል። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ ሲሠራም ሳይ በራሴ ኮራሁ። እጄ ያውቅበታል፤ ያላወቀው ጭንቅላቴ ነው።

እሑድ ኢማን መጣች። ማሽኑን ዞራ ዞራ አየችው።

«ይሄ የእኔ ነው?»

«ያንቺም የሌሎችም ነው።»

«እኔን ነው የሚያቀዘቅዘው?»

«ትንሽ ነው፤ ደግሞ ተኝተሽ ስለሆነ አታውቂውም።»

አሰበች፣ ከዚያ ጀርባውን በጣቷ ነካች። «ታዲያ ጋሼ፣ የእኔን ሙቀት የት ነው የሚያስቀምጡት?»

ፍሪጁ በጀርባው ይጥለዋል ያልኩት እኔው ነኝ። እስከዚያ የማቀዘቅዘው ሥጋና ኮካ ስለነበር የወጣውን ሙቀት መልስልኝ ያለኝ የለም። ካራሜላ ሰጥቼ ሸኘኋት፣ ያን ቀን ግን ብሎን አልጨበጥኩም።

ሰገነት ባለቤቴ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት ከተክለ ሃይማኖት ታክሲ ይዤ ወደ ሐኪም ስወስዳት እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ እኔ አይዞሽ እላለሁ፣ በመሐሉ እጇ ቀዘቀዘ። ማንም ሳይነግረኝ መሞቷን ያወቅሁት በዚያ ነው። እስከ ዛሬ ያ ቅዝቃዜ ከመዳፌ አልለቀቀም። አሁን ደግሞ ያንኑ ቅዝቃዜ በገዛ እጄ ሠርቼ ለኢማን ልስጣት? ሐኪሞቹ የተማሩ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም፣ ይሄን አውቃለሁ። ግን የተማረ ሰው አይሳሳትም ያለው ማነው? እንዲህ እያልኩ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ።

ሰኞ ከቦይለሩ የተረፈች ትንሽ ቴርሞስታት አነሳሁ። ገልብጬ አሰርኳትና ከታንከሩ ሥር፣ ስፖንጁ ውስጥ ቀበርኳት። ውሃው ቀዝቅዞ ቀዝቅዞ ሠላሳ አራት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ታጠፋዋለች። ለምን ሠላሳ አራት? ቤት ያለው የትኩሳት መለኪያ ከሠላሳ አምስት ነው የሚጀምረው። ከሠላሳ አምስት በታች የሰው ቁጥር ቢሆን ኖሮ ይጽፉት ነበር ብዬ ነው። ለሐኪሞቹ ስል አንድ ዲግሪ ዝቅ አደረግኩላቸው።

እኔ ጋ የተጠገነ ፍሪጅ ሳይሞከር አይወጣም። አንድ ብርጭቆ ውሃ አስገባለሁ፣ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ቀዝቅዞ ሲወጣ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ተሸካሚ ይጠራል። በዚያች ብርጭቆ ማንንም አጭበርብሬ አላውቅም። ማክሰኞ ሎዛ መጥታ በሰው ገላ ልክ የሞቀ ውሃ ሞላችበትና መለኪያውን እያየች ቆመች። ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አራት። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ምን ሆነ? ሃያ ስምንት ነው የሚፈልጉት እኮ!»

«አቅሙ እስከዚህ ነው» አልኳት። ፊቷን ማየት ስላቃተኝ ጎማ የማጠብቅ መሰልኩ።

ማሞቂያውን ሞከረች፣ እሱ እንደ ሰዓት ይሠራል። ከምንም ይሻላል ብላ አስጫነችው። እኔ ደስ አለኝ። ኢማንን በአንዲት ሽቦ አተረፍኳት ብዬ ሌሊቱን ለጥ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ሰላሃዲን ሱቄ ገባ፣ ሳይጠየቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከዝርዝሩ አወጧት፣ ጋሼ።»

«ማንን?»

«ኢማንን። የእሷ ቀዳዳ ትልቅ ስለሆነ ሥራው ይረዝማል አሉ። ማሽኑ በደንብ አያቀዘቅዝም፣ በዚህ አንነካትም፣ ቀላል ቀላሉን ብቻ እንሠራለን አሉ። ዶክተር ኃይለልዑል፣ ከእነሱ ጋር የመጣው የእኛው ሰው፣ እውነቱን ንገረኝ ብዬ ስጠይቀው ሌላ ቡድን እስኪመጣ የምትቆይ አይመስለኝም አለኝ።»

ማሽኑ አያቀዘቅዝም። ሠላሳ ዓመት የሰማሁት አቤቱታ ነው፣ ያን ቀን ግን ጆሮዬን ጭው አደረገኝ። ላድናት ብዬ ገደልኳት ማለት ነው? ወይስ እንዳትሞት ከለከልኳት? የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው አባቷ ነው፣ እኔ ደግሞ እየዋሸሁት ነው።

«ሰላሃዲን፣ ያቀዘቅዛል» አልኩት። «እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

ሁሉንም ነገርኩት። ቴርሞስታቷን፣ የትኩሳት መለኪያውን፣ የሰገነትን እጅ። ሳልጨርስ ተነስቶ ቆመ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ከ«እርስዎ» ወርዶ አያውቅም።

«አንተ ማነህ?» አለኝ። «ማነህ አንተ? እኔ ፈርሜ የሰጠኋትን ልጅ አንተ የምትከለክለው? እኔ ያልፈራሁ መስሎህ ነው?»

ከዚያ እዚያው ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አንድ ሸማች ፍሪጁን ሊጠይቅ አንገቱን አስገብቶ እኛን ሲያይ ተመለሰ።

ፒንሳዬን ኪሴ ከትቼ ተያይዘን ሄድን። ሆስፒታል ስንደርስ ሎዛና ዶክተር ኃይለልዑል ፊት ተንበርክኬ ስፖንጁን ቀደድኩ፣ ሽቦዋን ቆረጥኩ፣ ቴርሞስታቷን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ሎዛ አፏን ያዘች። ዶክተሩ ቴርሞስታቷን አንስቶ አገላበጣት።

«ሌላ የደበቁት ነገር አለ?»

«የለም፣ ዶክተር።»

«ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«የሰው ልጅ ሃያ ስምንት ላይ በሕይወት መኖሩን አላመንኩም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አላመንኩም» አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አየህ» አለኝ ሳያስበው፣ ከዚያ አረመው፣ «አዩ፣ ጋሼ፣ ማቀዝቀዝ ብቻ ቢሆን በረዶ ከገበያ እናስመጣ ነበር። እኛ የምንፈልገው የሚመልስ ነው። ማሽኑ የእርስዎ ነው፣ ጠባዩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ዓርብ አጠገቡ ይቆማሉ።» ማሽኑን አስነስተው እስከ ሃያ ስምንት አወረዱት፣ ደግመው ደጋግመው ሞከሩት። ኢማን ወደ ዝርዝሩ ተመለሰች።

ዓርብ ሰላሃዲን አንዋር መስጊድ አልሄደም። ከሱቁ ያመጣውን ጨርቅ ሆስፒታሉ ግቢ ሣር ላይ ዘርግቶ ሰገደ። እኔን አረንጓዴ ልብስ አለበሱኝ፣ አፌን ሸፈኑት፣ እጄን እስከ ክርኔ አሳጠቡኝ። ማሽኔ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል፣ ጎማዎቹ ወደ ሐኪሞቹ ክበብ ይገባሉ። ኢማን አትታየኝም፤ የሚታየኝ ጀርባቸውና የሙቀቷ ቁጥር ነው።

«አቀዝቅዙ» አለ ዶክተሩ። ማብሪያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ አራት ሲል ሞተሩ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ፣ ራሴ መንቀሌን ረስቼው። አልቆመም። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ። ሃያ ስምንት። ከዚያ የልቧን ምት በሚያሳየው በሌላው ማሽን መስኮት ላይ ስትዘል የነበረችው መስመር ተኛች። ማንም አልጮኸም። አንዱ ሐኪም እንዲያውም መብራቱን አስተካክሉልኝ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሎዛ ክንዴን ያዘችኝ። ሞታለች ወይስ አለች ብዬ ልጠይቃት አስቤ የትኛውን መልስ እንደማምን ስላላወቅሁ ተውኩት። የኢማን ሙቀት የት እንዳለ የማውቅ ይመስል የማሽኑን ጀርባ በመዳፌ ዳበስኩ። ሞቆ ነበር።

ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። «አሙቁ» አለ ዶክተሩ። ሁለተኛውን ማብሪያ ተጫንኩ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። ሠላሳ ላይ ቆመ፣ አሁንም ሠላሳ፣ አሁንም ሠላሳ። ሎዛ በጆሮዬ «ቀስ ብሎ ነው፣ ጋሼ፣ መመለሱ ቀስ ብሎ ነው» ትላለች። ሠላሳ አንድ ሲል በመስኮቱ ላይ አንዲት ጉብታ ታየች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መስመሯ እንደ ቀድሞዋ ትዘል ጀመር፣ እኔ ግን ዓይኔ እንባ ስለሞላ ቁጥሩን ማንበብ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አስገቡን። ሰላሃዲን በሩ ጋ ቆም ብሎ «ይቅደሙ፣ ጋሼ» አለኝ። እምቢ ብዬ እሱን አስቀደምኩ። ኢማን በቱቦ መሐል ተኝታለች፣ ከንፈሯ ሮዝ ነው። እንዲህ ያለ ከንፈር እንዳላት አላውቅም ነበር። አባቷ ግንባሯን ሳመ፣ እኔ እግሯ ሥር ቆምኩ። ዓይኗን ገልጣ ፈለገችኝ፣ አገኘችኝ።

«ጋሼ» አለች በሻከረ ድምፅ፣ «በረደኝ።»

እኔና ሰላሃዲን እኩል ኮታችንን ስናወልቅ ተጋጨን። ሁለቱንም ደረብንላት። ነርሷ ኧረ ብርድ ልብስ አለ፣ ይህ ቆሻሻ ነው እያለች ብትቆጣንም የሰማት የለም። እኔ ጎንበስ ብዬ እጇን ያዝኩ፣ ላሞቅላት ብዬ።

በረደኝ ያለችኝ ልጅ እጇ ከእኔ እጅ ይበልጥ ይሞቅ ነበር። ግራ ገብቶኝ ሌላኛውንም እጇን ያዝኩ፣ እሱም ይሞቃል። እስኪያስወጡኝ ድረስ እንደያዝኳት ቆየሁ።