በሆድ ላለ ልጅ ግማሽ ጥማድ

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስምንት ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ታረቀኝ ሐይቁ ዳር ያለውን የባለርስት መሬት ሊያከፋፍል ሕዝቡን አውድማ ላይ ሰበሰበ። ድልድሉ በቤተሰብ ቁጥር ነበር፤ ለአንድ ነፍስ ግማሽ ጥማድ።

ተራው ሲደርስ የኑርዬ ሚስት ፈዲላ ባሏን በክርኗ ገፋ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች።

«ስንት ናችሁ?»

«ዘጠኝ።»

ታረቀኝ በእርሳሱ ጫፍ ቆጠራቸው። «ስድስት ልጅ፣ እናንተ ሁለት። ስምንት።»

«ዘጠነኛው እዚህ ነው» አለች ሆዷን እያሳየች።

ሕዝቡ ሳቀ። ታረቀኝ ብቻውን መወሰን ስለፈራ አጠገቡ ወደተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ዞረ፤ እርግጥ አንዱ ጢም እንኳ ያላበቀለ ዘማች ተማሪ ነበር።

«ስም የሌለው በምን ይመዘገባል?» አሉ ቄስ አስረስ። «መጀመሪያ ተወልዶ ይጠመቅ እንጂ።»

«የኛን ልጅ አንቱ ሊያጠምቁት?» አለ አንዱ ከኋላ።

ዘማቹ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዶች፣ መሬት ላራሹ ነው። ይኼ ገና አላረሰም።»

«አንተስ መቼ አረስክ?» አለች ፈዲላ።

ሼህ ዘይኑልአቢዲን እጃቸውን አንስተው ሳቁን አበረዱት። «ስንት ወርሽ ነው ልጄ?»

«ከኢድ ማግስት ጀምሮ ነው።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «አራት ወር ሊሞላው ሳምንት ይቀረዋል። ሩህ፣ ነፍሱ ማለት ነው፣ የሚነፋበት ያኔ ነው። እስከዚያ ሰው ነው ብለን አንጽፍም።»

ታረቀኝ በደስታ «ስምንት» ብሎ ሊጽፍ አጎነበሰ።

«እንግዲያ ሳምንት ሳይሞላ ዛሬውኑ ዙሌይካ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች ፈዲላ።

ዙሌይካ ሥር እየማሰች ፅንስ የምታስወርድ መሆኗን የማያውቅ አልነበረም።

«አስተግፊሩላህ! ሐራም ነው!» አሉ ሼሁ።

«ምኑ ነው ሐራሙ? ሩህ የለውም ብለዋል።»

«ሰው ሊሆን እኮ ነው!»

«ለመሬቱ ሲሆንስ ሰው ሊሆን አይደለም?»

ቄስ አስረስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ከተፀነሰ ጀምሮ ነፍስ ነው፤ ነፍስ ታጠፊያለሽ?»

«ለነፍስ ግማሽ ጥማድ ተብሎ የለ?»

ዘማቹ የያዘውን የመሬት አዋጅ መጽሐፍ ቢያገላብጥም የሚረዳው አላገኘም። «የነገ ገበሬ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሦስቱ ተያዩ። ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጻፈው ታረቀኝ። አላህ ካለ ሳምንት ምን አላት።»

ታረቀኝ «ዘጠኝ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ስምንት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ተነሡ፤ ከእነሱም መካከል ስልሳ ዓመት የሞላቸው የቄስ አስረስ እኅት ነበሩ።

ፈዲላና ኑርዬ ትልልቆቹን ልጆች አስቀድመው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ትንሿ በፈዲላ ጀርባ ነበረች።

«ዙሌይካ ዘንድ እሄዳለሁ ያልሽው ሽማግሌዎቹን ለማስፈራራት ነው አይደል?» አለ ኑርዬ።

«ዛሬ ማለዳ ሄጄ ነበር።»

ኑርዬ ቆመ።

«አጣኋት» አለች። «ስሟን ልታስመዘግብ ቀድማ ወደ አውድማው ወጥታ ነበር።»

«ፈዲላ!»

«ስድስቱን በምን እንደማበላ አንተ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ይኼኛው ግን መሬቱን ይዞ መጣ። እሱ ከእኛ ጋር ሳይሆን እኛ ከሱ ጋር ነን የምንበላው።»

ኑርዬ ትንሿን ልጅ ከጀርባዋ አውርዶ፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ «ወንድ ልጅ አዘለ» ብሎ እየሳቀበት፣ እስከ ቤት ድረስ ራሱ አዘላት።