ትንፋሽ የሚያዳምጥ አማች

ወይዘሮ ይርጋነሽ ከሞጣ ወደ ቢቸና የመጡት ልጃቸውን ጥሩአየሁን ሊወስዱ ነበር። ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ የበኩር ልጅ ደግሞ ወጉ በእናት ቤት መወለድ ነው።

መናኸሪያ ደርሰው ሊሳፈሩ ሲሉ አማቻቸው ሀብተ ሥላሴ የሚስቱን ሻንጣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አስወረደ።

«ምን ነካህ?»

«ሆስፒታል እንሂድ፣ እናቴ። ትንፋሿ ልክ አይደለም።»

«ነፍሰ ጡር አይደለችም እንዴ! ልጁ ሽቅብ ሲገፋ ያስለከልካል። አምስት ወልጃለሁ እኮ!»

ሀብተ ሥላሴ የዜማ መምህር ነው። ተማሪው የቱ ላይ ትንፋሽ እንደሰረቀ ፊቱን ሳያይ ያውቃል።

«ትናንት ንግግሯን በአንድ ትንፋሽ ትጨርስ ነበር። ዛሬ ትቆራርጠዋለች። ጋደም ስትል ደግሞ ይብስባታል።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ በሰው ፊት አሳፈረኝ ብለው ተቀየሙት። ጥሩአየሁ ግን «እሱ... እንዳለው... ይሁን» አለች። ሁለት ቦታ የተሰበረውን ንግግር ያን ጊዜ እሳቸውም ሰሙት።

ሆስፒታል ሲደርሱ አዋላጇ ሳባ የጥሩአየሁ ጣት ላይ ትንሽ መቆንጠጫ ሰካች። ሰማንያ ስድስት አለ።

«በደሟ ያለው ኦክስጅን ነው። ከዘጠና አምስት ባይወርድ ነበር ደጉ» አለች ሳባ።

የደም ግፊቷም ከመቶ ሰባ አልፏል። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና የእርግዝና ደም ግፊት ሳንባዋ ውስጥ ውሃ እንዳስቋጠረ ነገራቸው። ቀና አድርገው አስቀመጧት፤ ኦክስጅን ሰጧት፤ ግፊቱን የሚያበርድ፣ ውሃውን የሚያወጣ፣ እንዳያንፈራግጣትም የሚከላከል መድኃኒት በየተራ ወጓት።

«መንገድ ላይ ብትሆኑ ኖሮ...» ብላ ሳባ ሳትጨርሰው ተወችው።

ወይዘሮ ይርጋነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሀብተ ሥላሴ ግን አላለቀሰም፤ ከሚስቱ ራስጌ ቆሞ፣ ጀማሪ ተማሪውን እንደሚያስጠና ሁሉ፣ «ቀስ ብለሽ ሳቢው... አሁን ልቀቂው» ይላታል። ዘጠና ሆነ። ቆይቶ ዘጠና አራት። ወይዘሮ ይርጋነሽ ይህን ጭምት ልጅ ስንት ጊዜ «ከዜማ በቀር ምን ያውቃል» ብለው አምተውት ነበር!

ከሰዓት በኋላ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተወለደች። ቀጭን ናት፤ ጩኸቷ ግን ጎረቤት ይጠራል። ጥሩአየሁም በማግስቱ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ጀመረች።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ሞጣ ላለችው እህታቸው ደወሉ።

«አትጠብቂን፤ ጥሩአየሁ በድንገት ታማ፣ ለጥቂት ተርፋ ወልዳለች፤ የምናርሳት እዚሁ ነው።»

«ውይ! መታመሟን ማን አወቀላት?»

«አማቼ ነዋ!» አሉ፣ ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ።