ጋሽ ጠና ጡሩምባ ያልነፉበት ጠዋት

ጵርስቅላ ክፉ ወሬን ቀድማ ተቀምጣ የምትጠብቅ ሴት ናት። ልጇ ስልክ ካላነሳ መኪና ተገልብጧል፤ ካሳለ ሳንባው ነው። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ሶስና «አሞጼን! አሞጼን!» እያለች ሆሳዕና ከተማ ያለው ግቢዋ ውስጥ ስትገባ፣ ጵርስቅላ ምን ሆነ ብላ እንኳን አልጠየቀችም። መሬት ላይ ወደቀች። አሞጽ ሀደሮ ከተማ የሚያስተምር የበኩር ልጇ ነው።

ግቢው ባንድ አፍታ በለቀስተኛ ሞላ። የእድሩ ለፋፊ ጋሽ ጠና ግን ጡሩምባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሽ ጠና፣ ምን ይጠብቃሉ? ይንፉ እንጂ!» አለች ሶስና።

«ማን አየ?»

«ቴሌግራም ላይ ወጥቷል እኮ!»

«ቴሌግራም አስከሬኑን ገንዟል?»

ጋሽ ጠና ያየ ሰው ሳያናግሩ ነፍተው አያውቁም። ሀደሮ ጨርቅ የሚሸጠው ነስሩ ዘንድ ደወሉ። «ሱቅህን ዝጋና ትምህርት ቤቱ ሂድ። የሰማኸውን አይደለም፣ ያየኸውን ንገረኝ» አሉት። ከዚያ ወደ ሶስና ዞሩ። «አንቺስ ከማን ሰማሽ?»

ሶስና የሰማችው ከመዘምራን ግሩፕ ነው። እዚያ የጻፈው ሰው ከሚስቱ፣ ሚስቱ ገበያ ካገኘቻት ቅቤ ነጋዴ። አንድ ስልክ በተደወለ ቁጥር ወሬው እየቀነሰ ሄደ። «ቀብሩ ነገ ነው» የነበረው «ሆስፒታል ነው ያረፈው» ሆነ፤ ቀጥሎ «መኪና ተገልብጦ ነው» ብቻ ቀረ። ጵርስቅላ ማልቀሷን ትታ ታዳምጥ ጀመር። የልጇ ሞት ልብሱን አንድ በአንድ እያወለቀ ወደ ኋላ ሲሄድ የምታየው መሰላት።

አራተኛው ስልክ የተነሳው ከዶዮገና በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። መኪናው ሙሉ ያለቅሳል። ያነሳችው ለቅቤ ነጋዴዋ ወሬውን የነገረቻት የጵርስቅላ እህት ዓለሚቱ ናት።

«ማን ነገረሽ?» አሉ ጋሽ ጠና።

«እናቱ ናታ! ሌላ ማን ይነግረኛል? በድምፅ ላከችልኝ እኮ!»

የጵርስቅላ ሴት ልጅ ሮዳስ የእናቷን ስልክ ከፍታ ንጋት ላይ የተላከውን አሰማች።

«ዓለሚትዬ፣ የአሞጽ ስልክ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም። መኪና ተገልብጦ ነው፣ ልቤ ነግሮኛል። ልጄን አጣሁት።»

ጵርስቅላ አፏን በመዳፏ ያዘች። ንጋት ላይ በሹክሹክታ ያወጣችው ፍርሃት ዶዮገና ወጥቶ፣ ሆሳዕና ገበያ ወርዶ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ እሷኑ ሊያረዳት መጥቷል። እሷም የገዛ ቃሏን አላወቀችውም። ግቢውን የሞላውን ሰው አየች። ይህን ሁሉ ሕዝብ የጠራው አንድ ትንፋሽ ነው።

«ታዲያ ውሸታሙ ማነው?» አለች ሶስና።

«ማንም አልዋሸም» አሉ ጋሽ ጠና። «ሁሉም እያለቀሰ ነው የተናገረው።»

«ትምህርት ቤት ‹የተሳሳተ መረጃ› ይሉታል» አለች ሮዳስ። «አውቆ የሚያሳስት ካለ ሐሰተኛ መረጃ ነው። ይሄኛው ግን ክፋት የለበትም፤ የሚያወራው ሰው ራሱ ያምነዋል።»

ጋሽ ጠና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልኩን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ስሙን ዛሬ ሰማሁ።»

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። የነስሩን ቁጥር አይተው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«እማዬ? ስልኬ ጉድጓድ ገባብኝ እኮ! ነስሩ ተማሪዎቼ ፊት አቅፎኝ ያለቅሳል፤ ምን ሆናችኋል?»

እልልታው ግቢውን አናወጠው። ጵርስቅላ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች ሶስና። «ለዓለሚቱ ደውዪላት እንጂ!»

«በስልክማ አልነግራትም። ደግሞ ቃሌ ምን ሆኖ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ከእኔ ነው የወጣው፤ ቆሜ እመልሰዋለሁ።»

አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ሚኒባሱ እያዘገመ መጣ። ዓለሚቱ ገና ሳይቆም እየጮኸች ወረደች። ጵርስቅላ ሁለት እጇን ያዘቻት።

«በሕይወት አለ።»

ዓለሚቱ የእህቷን ፊት እያገላበጠች አየችው። «ማን ነገረሽ?»

«እሱው ራሱ» አለች ጵርስቅላ።