ፖላንድ ከፍላለች ወይ?

ልጄ ላይል ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን ስትሮቤልን ደግፎ ሊናገር መሆኑን ያወቅሁት እንደ ማንኛውም ሰው በስብሰባው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው። ባንድ ግቢ እየኖርን፣ ቤቱ ከወጥ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት እየታየኝ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰልኝም።

የአካባቢያችን የምርጫ ስብሰባ እንደ ወትሮው በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ነበር። ውጭው ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰባ አንድ ሰው ነበርን። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ጎረቤት ተነስቶ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ከዚያ ባዶ ወረቀት ይታደልና ሁሉም የመረጠውን ስም ጽፎ ያስረክባል። እኛ የአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ሰዎች የፓርቲያችንን ዕጩ መምረጥ እንዲህ ነው የምንጀምረው፤ የቀረው አገር ከእኛ በኋላ ነው።

ስትሮቤል የጠጠር ነጋዴ ነው። ሹመት በእጁ ገብቶ አያውቅም፤ አፉም ልጓም የለውም። ስለ ኔቶ፣ አገራችንና አውሮፓውያን አንዳቸው ሌላውን ሊጠብቁ ስለተማማሉበት የጦር ኅብረት፣ የተናገረውን በቴሌቪዥን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ለመከላከያ ድርሻውን ላልከፈለ አገር አንዲት ጥይት አልልክም። ጎረቤቱ ይብላው!» ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ የያዝኩት ሳህን ከእጄ አመለጠ። የላይል ልጅ፣ የልጅ ልጄ ታሪን፣ ወታደር ናት። ከመስከረም ጀምሮ ፖላንድ፣ ምሥራቁ ጠረፍ ላይ ነው ያለችው። ያ «ይብላው» የተባለው ጎረቤት ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

ላይል ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አለ። «ግን የወንዛችን ድልድይ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ። በቆሎዬን ለማድረስ አርባ ማይል እዞራለሁ። እነዚያ አውሮፓውያን ሕክምናቸው በነጻ ነው፤ እኛ እየጠበቅንላቸው ለጥ ብለው ይተኛሉ። ይሄን ሳያፍር የተናገረ ስትሮቤል ብቻ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ስለ ድልድዩ ትክክል ነው። እኔም መድኃኒቴን ላመጣ ስዞር እየተራገምኩ ነው። ትክክል መሆኑ ነው ይብስ ያነደደኝ።

«ልጅህስ?» አልኩት ካለሁበት።

ሰብሳቢያችን ዱዌን፣ የምርጥ ዘር ነጋዴው፣ ጠረጴዛውን መታ። «አርዲስ፣ ሥርዓት! ለአንድ ዕጩ ካልሆነ መናገር አይቻልም።»

«እንግዲያው ለዚያች ሴት ዕጩ እናገራለሁ። ማን ነበር ስሟ?»

«እሷ እኮ ባለፈው ሳምንት ራሷን አገለለች።»

«ልትመለስ ትችላለች! ደቂቃዬን ቁጠር!»

ሳቁብኝ። ይሳቁ። ተነሳሁ።

«እማ፣ እባክሽ እሷን እዚህ አታንሻት» አለ ላይል።

«ታዲያ ማንን ላንሳ? በቆሎህን?»

«ለእሷ ብዬ እኮ ነው!» ፊቱ ደም መሰለ። «ይሄ ኔቶ የሚሉት ከፈረሰ ልጄ ቤቷ ትገባለች። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

«ሰውየው መቼ አስገባታለሁ አለ? ይብሏቸው ነው ያለው! እነሱ ሲበሉ እሷ የት ቆማ ልታይ ነው?»

ከኋላ አንዱ «ኧረ አርዲስ፣ ማስፈራሪያ እኮ ነው። አንቺስ ከብት ስትገዢ ዋጋ ለማስቀነስ ትቼው ሄድኩ ብለሽ አታውቂም?» አለ።

«የልጅ ልጄ ጥጃ አይደለችም!»

ዱዌን ሊያበርደኝ እጁን ዘረጋ። «ነገሩ ቀላል ነው። የከፈለ ይጠበቃል፤ ያልከፈለ አይጠበቅም። ይሄ ምኑ ይከፋል?»

«እሺ፣ ይሁን። ፖላንድ ከፍላለች ወይስ አልከፈለችም?»

ዱዌን ላይልን አየ። ላይል ቆቡን አየ። «ያው ናቸው፣ ሁሉም አንድ ናቸው» አለ ስለ ከብት ያነሳው ሰውዬ። ሁለት ሦስቱ ስልካቸውን አወጡ፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ሰባ አንድ ሰው ማን ይጠበቅ፣ ማን ይበላ ብሎ ሊፈርድ ተሰብስቦ፣ አንድም የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አላውቅም። ስንት ወር ሙሉ ስለ ልጅቷ ካልሲና ሳል ስብሰለሰል፣ ይችን መጠየቅ ትዝ አላለኝም። የንዴቴ ግማሽ ወደ ራሴ ዞረ።

«ጊዜሽ አልቋል» አለ ዱዌን።

ወረቀቱ ተቆጠረ። ስትሮቤል አርባ አንድ ድምፅ አገኘ። የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች አቀረቡልኝ፤ ትቼው ወጣሁ። ላይል የመኪናውን በር ከፍቶልኝ ቢቆምም፣ በዱዌን ሚስት መኪና ሄድኩ፤ እኔና እሱ የምንገባው አንድ ግቢ ቢሆንም።

በማግስቱ ጠዋት ታሪን ደወለች። ስለ ሳሏ ጠየቅኋት፤ ሙቅ ልብስ መኖሩን ጠየቅኋት፤ ከዚያ ያንን ጠየቅኋት።

«ፖላንድ?» አለች። «አያቴ፣ እነሱ እኮ ለጦራቸው ከተባለው በላይ ነው የሚያወጡት! እዚህ ሕፃኑም ያውቀዋል። ትናንት ልብስ የምታጥብልን ሴትዮ ‹እኛ የሚጠበቅብንን አድርገናል፤ እናንተ ግን ትቆያላችሁ?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ምን ልበላት? መራጮቹ እናንተ።»

ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ላይል ጋ ደወልኩ። አያነሳም። በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ስልኩ ላይ ስሜን ያያል። ደግሜ ደወልኩ። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

በሌሊት ልብሴ ላይ ካፖርቴን ደረብኩ፤ ቦት ጫማዬን አጠለቅሁ። በረዶው እስከ ባቴ ድረስ ነው፤ ብወድቅ ልውደቅ። ግቢውን አቋርጬ በሩን በቡጢ ደበደብኩት። ከእሱ በኋላ ገና የስትሮቤል መራጮች አርባ በር ይቀረኛል።