ዓባይን የተሻገረው ቃል

ስጽፍ እጄን ያየ ሁሉ ያደንቀው ነበር። እኔም፣ ምን ይደበቃል፣ መደነቁን እወደው ነበር። ከቡለን ዓባይን አሻግረው ከመንጌ በታች ወዳለው ኬላ ጸሐፊ አድርገው የላኩኝ በዚሁ እጄ ነው። ፊደሌ ቀጭንና የጠራ ነው። ወፍራም ፊደል የሚጽፍ ሰው ብራና የሚያባክን ባለጌ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ፈንጣጣ ገባ። መንደሩ በሙሉ ተኛ፤ የታንኳው ባለቤት የሐመድ ልጅ ዓዲላም ታመመች። ማንም እንዳይሻገር እኔና ሐመድ ታንኳውን ከውኃው ጎትተን አወጣነው።

የዝና በወዲያኛው ዳር ብቅ ያለችው ይኼኔ ነው። ሚስቴ ናት። ቡለን ትቻት ከመጣሁ ሁለት ክረምት አልፏል። ነይ ብዬ የላክሁባትም እኔው ነኝ፣ በሽታው ሳይገባ በፊት። ሁለቱን ልጆቻችንን ይዛ ከነጋዴዎች ጋር መጥታለች።

ጮህኩ። ዓባይ እዚያ ላይ በድንጋይ መካከል እያጓራ ስለሚያልፍ ድምፄን ዋጠው። ተመለሺ ለማለት እጄን አወናጨፍኩ። እሷ የደስታ መሰላትና ነጠላዋን አውለበለበችልኝ፤ ልጆቹም ዘለሉ። ነጋዴዎቹ ታንኳ እንደማይመጣላቸው ሲያውቁ ቀርከሃ እየቆረጡ፣ ጎን ለጎን እየጠፈሩ መሻገሪያ መሥራት ጀመሩ። ልጆቼ እያየኋቸው ወደ ሞት ሊመጡልኝ ነው። 

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የዝና ማንበብ ታውቃለች፤ አባቷ መሪጌታ ነበሩ፣ ከወንዶቹ እኩል ፊደል አስቆጥረዋታል።

ታንኳውን በጎኑ አጋደምነው። ሐመድ ለቤቱ ግድግዳ ያስቀመጠውን ነጭ አፈር በጥብጦ ቀባው። እኔ ጥላሸት በዘይት ለወስኩና «አትሻገሪ፣ እዚህ ፈንጣጣ ገብቷል» ብዬ በዚያ በሚደነቀው እጄ አሳምሬ ጻፍኩ። ሐመድ ወደ ውኃው ወጣ ባለው ዳገት ላይ ወጥቶ፣ ከማዶ በሚታይበት ርቀት አየውና ተመለሰ።

«ያ ካቲብ» አለኝ፤ ጸሐፊነቴን በእነሱ ቋንቋ ሲጠራው እንዲያ ነው። «ፊደል የለም። ጉንዳን ሄደ ነው የሚመስል።»

«ዓይንህ ነው የደከመው!» ብዬ ተቆጣሁ። ወጥቼ አየሁት። ጉንዳን ነው።

አጥበን እንደገና ቀባነው። አሁን አንድ ቃል ብቻ፦ ፈንጣጣ። ብዕሩን ጣልኩና ጨርቅ በጥላሸት ነከርኩ። ፊደሉን ከታንኳው ከንፈር እስከ ሆዱ ድረስ አስረዘምኩት፤ ጎኑን ግን ጠበብ አደረግሁት፣ አለዚያ አራቱም አይገቡም። እግሮቹን እንደ ቤት ምሰሶ አወፈርኳቸው። ከዳገቱ ሲታይ ደግሞ የ«ጣ» እግሮች ተጣብቀው፣ የምድጃ ጥላሸት ሆነው ቁጭ አሉ።

ማዶ መሻገሪያው ሊያልቅ ደርሷል። ቢላዬን መዘዝኩ። በእግሮቹ መካከል ጥቁሩን እየፋቅሁ ነጩን መለስኩ፤ በቀጭኑ፣ ግን ሳይቋረጥ። ስፍቅ ነው የገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተጨነቅሁት ለጥቁሩ ነበር፤ ሰው ግን ነጩንም ያነባል። ጥቁሩ መወፈር የሚችለው ነጩ እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው።

ዳገቱ ላይ ወጥቼ ዞር አልኩ። ቃሉ ወንዙ ዳር ቆሟል። ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ለካ አይቼው አላውቅም ነበር። ጥቅጥቅ ብሎ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ማንንም አላሳልፍም የሚል ይመስላል። የገዛ እጄን ሥራ ፈራሁት። ሐመድ አንዲትም የአማርኛ ፊደል አያውቅም፤ እሱም ከጎኔ ቆሞ አየው።

«ሱብሓነላህ! ይሄ ይጮሃል» አለ።

ማዶ ቀርከሃ የሚጠፍሩት ሰዎች እጃቸው ቆመ። የዝና ልጆቹን ይዛ ከውኃው ዳር ወደ ኋላ ሸሸች። አነበበችው! ድምፄን የዋጠው ዓባይ አራቱን ፊደል ሊውጣቸው አልቻለም። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ወዲያው የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከሰዎቹ ነጠላ ሰበሰበች። እያጠፈች፣ እያወፈረች፣ በተቃጠለው ጥቁር ሣር ላይ ታነጥፍ ጀመር። ማንም አላስተማራትም፤ የእኔን አይታ ነው። ነጭ በጥቁር ላይ፣ ወፍራምና ጠባብ ሆኖ ቃሏ ተነሣ፦ አንተስ?

ከጠዋት ጀምሮ ወገቤን ይቆርጠኝ፣ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። ዓዲላንም እንዲህ ነው የጀመራት። ሐመድ ያውቃል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። እውነቱን ብጽፍ የዝናን ዓባይም አያቆማት። ዝም ብልም እንደዚያው ነው።

ሐመድ ሳልጠይቀው ታንኳውን ገልብጦ ሌላኛውን ጎን ነጭ ቀባ። «ጻፍ፣ ያ ካቲብ» አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ «አለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ለጊዜው እውነት ነበር።

የዝና እጇን ወደ አፏ ስትወስድ አየሁ። እልል ብላ ይሆናል፤ ድምፁን አልሰማሁም። ከዚያ ልጆቹን ይዛ ወደ ቡለን ዞረች፣ እኔም እዚያው ታንኳው ሥር ወደቅሁ።

ዓዲላም እኔም ተረፍን። ፊቴ እንዲህ ተበሳስቶ ቡለን ገብቼ፣ «አለሁ»ን ስጽፍ ታምሜ እንደነበር ስነግራት፣ የዝና በሁለት እጇ ደረቴን መታችኝ።

«ያን ቀን ታመህ አልነበረም» አለች። «እጅህን አውቀዋለሁ። ቢንቀጠቀጥ አየው ነበር።»

እውነቷን ነው፣ በብዕር ጽፌው ቢሆን ታየው ነበር። ቀጭን ፊደል እጅን ያሳብቃል። ያ ወፍራም ፊደል ግን መንቀጥቀጤን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ደብቆ ነው የተሻገረላት።